የዓለም አቀፍ ፍልሰት ትንበያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው የተደረደሩ ሲሆን፣ ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍልሰት ፍሰት ሲባል ምን ማለት ነው? በውጭ አገር ከሚኖሩ ሰዎች ቁጥርስ በምን ይለያል?

በአንድ በተወሰነ ቀን ከትውልድ አገራቸው ውጭ ሲኖሩ የሚገኙ ሰዎች ድምር ነባር ቁጥር ሊባል ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚገምተው ይህ ቁጥር በ2024 አጋማሽ 304 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ መሆኑ ነው። ፍሰት ግን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት፣ ከአገር ወደ አገር የተዛወሩትን ብቻ ይመለከታል። ነባሩ ቁጥር በዝግታ ሲለወጥ ፍሰቱ ከዓመት ዓመት በእጥፍ ሊያድግ ወይም በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ መተንበዩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ማን ፍልሰተኛ ተብሎ ይቆጠራል የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1998 ያወጣው ምክረ ሐሳብ፣ መደበኛ መኖሪያውን ቢያንስ ለ12 ወራት ወደ ሌላ አገር የለወጠን ሰው የረጅም ጊዜ ፍልሰተኛ ይለዋል። ለዘጠኝ ወራት የእርሻ ሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው በዚህ መለኪያ አልፈለሰም፤ የሄደበት አገር ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ሁሉ የሚመዘግብ ከሆነ ግን ፈልሷል። ሁለት አገሮችን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ያየ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የወራቱን ቁጥር ነው።

የተጣራ ፍልሰትስ?

ከገቡት ላይ የወጡት ሲቀነሱ የሚቀረው ቁጥር ነው። የሕዝብ ብዛት ስሌት ከሥር መሠረቱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ የዓምናው ሕዝብ፣ ሲደመር የተወለዱት፣ ሲቀነስ የሞቱት፣ ሲደመር የገቡት፣ ሲቀነስ የወጡት። ውልደትና ሞት በአብዛኞቹ አገሮች ቀስ ብለው የሚለወጡ በመሆናቸው፣ ስሌቱን የሚያናጋው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የተጣራው ቁጥር ለስሌት ይመቻል፤ ብዙ ነገርም ይሸፍናል። አንድ መቶ ሺህ ወጣቶች ወጥተው አንድ መቶ ሺህ ጡረተኞች ቢገቡ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ አገሪቱ ግን አርጅታለች። በተጨማሪም ገቢው በአንድ ምክንያት፣ ወጪው በሌላ ምክንያት ስለሚንቀሳቀስ ሁለቱን ለየብቻ መተንበይ ይሻላል። በስፔን የተመዘገቡት የውጭ ዜጎች በ2000 ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበሩ፤ በ2010 ከ5.7 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ከፋይናንስ ቀውሱ በኋላ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው በለጠ። በ2007 የተጣራውን ቁጥር ይዞ ወደፊት ያሰላ ባለሙያ፣ የገቢውን መቀነስም የወጪውን መጨመርም በአንድ ጊዜ ስቷል።

ግምት፣ ሁኔታዊ ስሌት እና ትንበያ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ አብዛኛው ውዝግብ የሚነሣውም ሦስቱ ሲምታቱ ነው። ግምት ያለፈውን ይመለከታል፤ ያለፈው ዓመት ፍልሰት ሙሉ በሙሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ይገመታል። ሁኔታዊ ስሌት ደግሞ «የሚገባው ሰው ቁጥር አሁን ባለበት ቢቀጥል በ2050 ሕዝቡ ስንት ይሆናል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ባለበት ይቀጥላል ብሎ ግን አይምልም። ትንበያ ስሌቱን የሠራው አካል ይሆናል ብሎ የሚያምነውን የሚናገርበት ስለሆነ፣ ነገሩ የሚሆንበትን ዕድል አብሮ ማቅረብ አለበት።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ከሚያሳትሟቸው የሕዝብ ብዛት ሰነዶች አብዛኞቹ ሁኔታዊ ስሌቶች ናቸው። ዜና ሲሆኑ ግን «ሕዝቡ ይህን ያህል ይደርሳል» ይባላል፤ ባለሙያዎቹ የጻፉት «ቢ» በመንገድ ላይ ይወድቃል።

ያለፈውን ዓመት ፍልሰት እንኳ በትክክል መቁጠር ለምን ያቅታል?

የገባ ሰው የሚመዘገብበት ምክንያት አለው፤ ለመቀጠር፣ ቤት ለመከራየት፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ወረቀት ይጠየቃል። ሲወጣ ግን ስሙን ከመዝገብ እንዲያሰርዝ የሚገፋፋው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚህም የተነሣ አንድ አገር «ወጡ» የሚለውና መድረሻው አገር «ገቡ» የሚለው ቁጥር፣ አንድ መሆን ሲገባው፣ በብዙ እጥፍ ይለያያል። ፖላንድ ለረጅም ጊዜ የቆጠረችው ለዘለቄታው መውጣታቸውን ያስታወቁትን ብቻ ነበር፤ ጀርመን በበኩሏ የመኖሪያ አድራሻ ያስመዘገበውን ሁሉ ትቆጥራለች። የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ስለ አንድ መንገድ የሚያወሩ መሆናቸውን ይጠራጠራል።

ብሪታንያ ለዓመታት በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በወደቦች መንገደኞችን በናሙና እየጠየቀች ፍልሰትን ትገምት ነበር። በ2011 ሕዝብ ሲቆጠር በእንግሊዝና በዌልስ ከተጠበቀው በላይ 464 ሺህ ሰዎች ተገኙ፤ ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የገቡት ሰዎች በመጠይቁ በሚገባ አለመያዛቸው ነበር። ዘዴው ወደ አስተዳደር መዝገቦች ከተለወጠ በኋላም ቁጥሩ አልረጋም፦ እስከ ጁን 2023 ለነበሩት 12 ወራት የወጣው የመጀመሪያ የተጣራ ግምት 672 ሺህ ነበር፤ በዓመቱ ተስተካክሎ 906 ሺህ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ የቆጠራ ቢሮው እስከ 2023 አጋማሽ ለነበረው ዓመት የተጣራውን ፍልሰት በመጀመሪያ 1.1 ሚሊዮን ሲል፣ የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ለ2023 የሰጠው ቁጥር 3.3 ሚሊዮን ነበር፤ የቆጠራ ቢሮው ቆይቶ የራሱን ወደ 2.3 ሚሊዮን አሳደገው። የትንበያ ስህተት ተብሎ የሚወቀሰው ነገር ብዙውን ጊዜ የመነሻው ነጥብ ስህተት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የድንበር ቁጥሮች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የአውሮፓ የድንበር ጠባቂ ድርጅት ፍሮንቴክስ ለ2015 የመዘገበው 1.8 ሚሊዮን ሕገ ወጥ የድንበር መሻገር የድርጊት ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም፤ ግሪክ ሲደርስ የተመዘገበ ሰው በባልካን አድርጎ ሃንጋሪ ወይም ክሮኤሺያ ሲገባ ዳግመኛ ተመዝግቧል። ሰዎቹ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ትንበያው በምን ዘዴ ይሠራል?

አንደኛው ዘዴ የቁጥሩን የራሱን ታሪክ መከተል ነው፤ ያለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት መዋዠቅ ተጠንቶ ወደፊት ይዘረጋል። ቀላል ነው፤ ለአንድና ለሁለት ዓመትም ከተራቀቁት ዘዴዎች ብዙም አያንስም። ሁለተኛው ምክንያቶችን ያስገባል፦ የሁለቱ አገሮች የገቢ ልዩነት፣ የወጣቱ ብዛት፣ ርቀት፣ የጋራ ቋንቋ፣ ቀድሞ የሄደ ወገን መኖር። የጀርመን ተወላጁ የጂኦግራፊ ባለሙያ ራቨንስታይን በ1885 በብሪታንያ መዝገቦች ላይ ተመሥርቶ እንዳሳየው፣ አብዛኛው ሰው ወደ ቅርብ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ፍሰትም በተቃራኒው የሚመለስ ፍሰት አለው። ዛሬ ሰዎች ከትልቅ ወደ ትልቅና ከቅርብ ወደ ቅርብ ይሳባሉ በሚል እሳቤ የሚሠሩት ሞዴሎች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። የእነዚህ ሞዴሎች ችግር ግልጽ ነው፤ ፍልሰትን ለመተንበይ በመጀመሪያ የሁለት አገሮችን ኢኮኖሚ መተንበይ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ባለሙያዎችን በየተራ መጠየቅ ሲሆን፣ አራተኛው ሁሉንም በዕድል ስሌት ማዋሐድ ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ከ2010 ወዲህ ተጠናክሯል፤ ውጤቱም አንድ ቁጥር ሳይሆን «እውነተኛው ቁጥር በ80 በመቶ ዕድል ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» የሚል ክልል ነው። በእኔ አመለካከት ክልል የሌለው የፍልሰት ትንበያ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

በፍሰቱ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚታመነው ዕድሜ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮጀርስና ካስትሮ በ1981 እንዳሳዩት የፍልሰት የዕድሜ ስርጭት ከአገር አገር በእጅጉ ይመሳሰላል፦ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚሄዱ መጠኑ መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ በትምህርት ዕድሜ ይወርዳል፣ በሃያዎቹ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ በአንዳንድ ቦታ በጡረታ ዕድሜ ትንሽ ብቅ ይላል። ስንት ሰው እንደሚመጣ የማያውቅ ተንባይም ዕድሜያቸውን በድፍረት ሊናገር ይችላል።

ትንበያዎቹ ምን ያህል ይሳሳታሉ?

በጣም፤ ግን ስህተቱ ሁልጊዜ ሰዎች በሚያስቡበት ቦታ አይደለም። ብዙ የሚጠቀሰው የ2004 የአውሮፓ ኅብረት መስፋፋት ነው። አሥር አገሮች ከመግባታቸው በፊት ለብሪታንያ መንግሥት በተሠራ ጥናት፣ ከእነዚህ አገሮች በዓመት በአማካይ ከ5,000 እስከ 13,000 የተጣራ ፍልሰት ይጠበቃል ተባለ። ከሜይ 2004 እስከ ጁን 2006 ባለው ጊዜ ብቻ ግን ከአሥሩ መካከል ከስምንቱ የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች 427 ሺህ ያህል ሠራተኞች ለመመዝገብ አመልክተው ተፈቀደላቸው። እርግጥ የተመዘገበው ሁሉ አልቀረም፤ የተጣራውና የተመዘገበው ቁጥር መወዳደር የለባቸውም። ያም ሆኖ ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ናቸው። የሥራ ገበያቸውን ወዲያውኑ የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ፤ ጀርመን እስከ 2011 ዘግታ ቆየች። ሞዴሉም የተሠራው ከሌሎች አገሮች ወደ ብሪታንያ ይመጣ በነበረው ፍልሰት ታሪክ ላይ ነበር፤ ከስምንቱ አገሮች ጋር የነጻ ዝውውር ታሪክ ጭራሹን አልነበረም።

የጀርመን የ2015 ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የፌዴራል የፍልሰትና የስደተኞች መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ ለዓመቱ 300 ሺህ ጥገኝነት ጠያቂ ጠበቀ፤ በሜይ ወደ 450 ሺህ ከፍ አደረገ፤ በኦገስት ቁጥሩ 800 ሺህ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ 1.1 ሚሊዮን ሰው መመዝገቡ ተነገረ፤ ድግግሞሹና ወደ ሌላ አገር ያለፉት ሲወጡለት ወደ 890 ሺህ ወረደ። እስካሁን ያለው ተንባዮቹ ከኋላ ሲሮጡ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በይፋ የቀረቡት የጥገኝነት ማመልከቻዎች 477 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱ ማስተናገድ ስላልቻለ የቀሩት ወራት ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ የሜይ ትንበያ በማመልከቻ ሲመዘን የሚያስመሰግን፣ በደረሰው ሰው ሲመዘን ግማሹን የሳተ ነው። ትንበያው ስለ ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ስህተቱ ሊለካ አይችልም።

ጦርነትን በተመለከተ የሚተነብይ ዘዴ የለም ማለት ይቀላል። በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የትኛውም ሞዴል በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሳምንታት ውስጥ ድንበር እንደሚሻገር አላሳየም፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 አውጥቶት ለሃያ ዓመት ያልተጠቀመበትን የጊዜያዊ ጥበቃ መመሪያ በማርች 4 ሥራ ላይ አዋለው።

ሰዎችን «መሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለትንበያ ይጠቅማል?

ፍላጎት ከጉዞ በጣም ይርቃል። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ድርጅት የጋሉፕ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ከዓለም አዋቂዎች 15 በመቶ የሚሆኑት፣ ይኸውም ከ750 ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ ቢችሉ ለዘለቄታው ወደ ሌላ አገር መሄድ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ቀደም ባሉት ዓመታት በዚሁ መጠይቅ በሚቀጥሉት 12 ወራት ለመሄድ ያቀዱት 66 ሚሊዮን፣ ዝግጅት የጀመሩት ደግሞ 23 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ «750 ሚሊዮን ሰው እየመጣ ነው» የሚል ሰው የጠየቀው ምኞትን ነው። መጠይቁ ግን ከንቱ አይደለም፤ ምኞቱ ወዴት እንደሚያዘነብልና ከየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደሚነሣ በደንብ ያሳያል።

ድሃ አገሮች ሲያድጉ ፍልሰት ይቀንሳል?

በመጀመሪያ ይጨምራል። መሄድ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እጅግ ድሃ የሆነ ሰው ቲኬት፣ ፓስፖርትና የቋንቋ ትምህርት መግዛት አይችልም። ገቢ ሲሻሻል፣ ትምህርት ሲስፋፋ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሲበዛ የመሄድ አቅም ከመቅረት ፍላጎት ቀድሞ ያድጋል። አገሮችን ጎን ለጎን ስናይ፣ ወደ ውጭ የሚደረገው ፍልሰት የነፍስ ወከፍ ገቢው በመግዛት አቅም ሲለካ ከ8,000 እስከ 10,000 ዶላር አካባቢ እስኪደርስ ይወጣል፤ ከዚያ ይወርዳል። ባለሙያዎች ይህን የፍልሰት ጉብታ ይሉታል።

ለትንበያ ሲሠራበት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጉብታው በአብዛኛው የታየው ድሃና መካከለኛ አገሮች በአንድ ዘመን ሲነጻጸሩ ነው፤ አንድን አገር በዓመታት መካከል ብንከታተለው እንደዚሁ ይሄዳል ወይ የሚለው እስካሁን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። «የልማት ዕርዳታ ፍልሰትን ያቆማል» የሚለው ተስፋ ግን በሁለቱም ወገን በኩል ጠንካራ ድጋፍ የለውም።

መንግሥት ሕጉን ቢያጠብቅ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይወርዳል?

አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ መልኩን ለውጦ ይቀጥላል፣ አንዳንዴም መመለሱን ያቆማል። ጀርመን በኖቬምበር 1973 የውጭ ሠራተኞች ቅጥርን ስታቆም፣ ሄዶ የመመለስ ነጻነቱ ያከተመ የመሰለው ሠራተኛ በዚያው ቀረ፤ ሚስቱንና ልጆቹንም አስመጣ። በጀርመን የቱርክ ዜጎች ቁጥር በ1973 ከነበረበት 900 ሺህ ገደማ በ1980 ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበርም ከ1986 ወዲህ ጥበቃው ሲጠብቅና መሻገሪያው ሲወደድ፣ ወቅት እየጠበቁ ይመላለሱ የነበሩ ሠራተኞች መመለስን ተዉ።

የቪዛ ኮታ ባለበት ቦታ ግን የፖሊሲ ውጤት ፈጣን ሊሆን ይችላል። ካናዳ በኦክቶበር 2024 ለ2025 የያዘችውን የቋሚ ነዋሪዎች ዕቅድ ከ500 ሺህ ወደ 395 ሺህ ስታወርድ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የሕዝብ ስሌቶች ሁሉ በአንድ ቀን አረጁ። የሞዴሉ ሒሳብ አልተሳሳተም፤ ካቢኔው ሐሳቡን ለወጠ።

ፍልሰተኞች የነባሩን ሠራተኛ ደመወዝ ያወርዳሉ?

በአጠቃላይና በረጅም ጊዜ ሲታይ ውጤቱ ትንሽ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ያወጡት ሰፊ ዘገባ፣ በአገሪቱ ተወላጆች ደመወዝና ቅጥር ላይ የሚደርሰው የረጅም ጊዜ ውጤት እጅግ ትንሽ መሆኑን፣ አሉታዊ ውጤት ሲታይም ይበልጥ የሚነካው ቀደም ብለው የመጡትን ፍልሰተኞችና ትምህርታቸውን ያላጠናቀቁትን መሆኑን ደምድሟል።

ክርክሩ ግን ሕያው ነው። በ1980 ከማሪየል ወደብ 125 ሺህ ያህል ኩባውያን በጀልባ ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ የማያሚ የሠራተኛ ኃይል በ7 በመቶ አደገ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ዴቪድ ካርድ በ1990 ባሳተመው ጥናት በደመወዝ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም፤ ሌላው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆርጅ ቦርሃስ በ2017 ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ወንዶችን ብቻ ለይቶ ትልቅ ቅነሳ አገኘ፤ ሌሎች ደግሞ የዚያ ንዑስ ቡድን ናሙና በጣም ትንሽ ነው ብለው ተቃወሙት። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ መረጃ፣ ሁለት መደምደሚያ። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ አሜሪካ በ1964 የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞችን ፕሮግራም ስትዘጋ የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ይላል ተብሎ ነበር፤ ገበሬዎች ግን ወደ ማሽንና ወደ ሌላ ሰብል ዞሩ፣ የተጠበቀው ጭማሪም አልታየም። ደመወዝን የሚተነብይ ሞዴል አሠሪው ምን እንደሚያደርግ ከረሳ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ለመንግሥት በጀት ይጠቅማሉ ወይስ ይከብዳሉ?

መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦ ሲደርሱ ባላቸው ዕድሜ፣ በትምህርታቸውና ሒሳቡ በየትኛው የመንግሥት እርከን በሚሠራበት። በ25 ዓመቷ የምትደርስ ነርስ የልጅነት ትምህርቷን ሌላ አገር ከፍሎላታል፤ ለ40 ዓመት ግብር ከፍላ ከዚያ በኋላ ጡረታ ትወስዳለች። በ60 ዓመቱ ልጆቹን ተከትሎ የመጣ ሰው ሒሳብ ተቃራኒ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤት በጁላይ 2024 እንደገመተው፣ የዚያን ጊዜው የፍልሰት ጭማሪ ከ2024 እስከ 2034 የፌዴራል መንግሥቱን ጉድለት በ0.9 ትሪሊዮን ዶላር ይቀንሳል። ግብሩ በብዛት ወደ ፌዴራል ካዝና ሲገባ ትምህርት ቤትና መጠለያ የሚከፍሉት ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ናቸው፤ ስለዚህ የከተማው ከንቲባ ሲያማርርና የፌዴራሉ ኢኮኖሚስት ሲደሰት ሁለቱም ሐቅ ይናገሩ ይሆናል።

ፍልሰት የሕዝብን እርጅና ይፈታል?

ያዘገየዋል፤ አይፈታውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2000 አንድ ጥያቄ በስሌት ፈተነ፦ በእያንዳንዱ አረጋዊ ላይ የሚደርሰው በሥራ ዕድሜ ያለ ሰው ብዛት እንዳይወርድ ስንት ፍልሰተኛ ያስፈልጋል? ለደቡብ ኮሪያ የወጣው መልስ እስከ 2050 ድረስ 5.1 ቢሊዮን ሰው ነበር። ማንም ይህን ዕቅድ ብሎ አላቀረበውም፤ የማይቻል መሆኑን ለማሳየት የተሠራ ስሌት ነው።

ምክንያቱ ፍልሰተኞችም የሚያረጁ መሆናቸው ነው። ዛሬ የመጣው የ28 ዓመት ሰው ከ37 ዓመት በኋላ ራሱ ጡረተኛ ይሆናል፤ እሱን የሚተካ ሌላ፣ ለሌላውም ሌላ ያስፈልጋል። የልጆቻቸው ቁጥርም በአንድ ትውልድ ውስጥ ወደ አስተናጋጁ አገር ልማድ ይጠጋል። የሠራተኛውን ብዛት ከመውረድ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ፍልሰት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙ አገሮችም ያንን ያህል አስተናግደው ያውቃሉ። ጥያቄው «ሕዝቡ ይርጅ ወይስ አይርጅ» ሳይሆን «በምን ፍጥነት» ሲሆን፣ ያኔ ፍልሰት ጠቃሚ መልስ ይኖረዋል።

ሰው በሚወጣባቸው አገሮች ላይ የሚደርሰው ውጤትስ ይተነበያል?

ከተቀባዮቹ ይልቅ ያነሰ ጥናት ያለው እዚህ ነው። የሥነ ሕዝብ ውጤቱ ግን ለዓይን ግልጽ ነው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን የተጠጋ ሕዝብ የነበራት ቡልጋሪያ በ2021 ቆጠራ 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሆነች። ከወጡት ጋር የሚወጣው ያልተወለደውም ልጅ ነው፤ የወላድ ዕድሜ ያለው ሰው ሲሄድ ውልደትም አብሮ ይሄዳልና። ስሌቱ ላይ ፍልሰትን በአንድ መስመር፣ ውልደትን በሌላ መስመር ያለ ግንኙነት የሚያስቀምጥ ሞዴል ይህን ያስተዋለ አይደለም።

ሐዋላን በተመለከተ ዓለም ባንክ በኤፕሪል 2020 ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚላከው ገንዘብ በወረርሽኙ ምክንያት በ20 በመቶ ገደማ ይወድቃል ብሎ ነበር፤ የወረደው በ1.6 በመቶ ብቻ ሆነ። ላኪዎቹ ከቁጠባቸው ቀንሰው ላኩ፣ የአስተናጋጅ አገሮች ድጎማም ረዳቸው፣ በእጅና በሰው ይላክ የነበረው ገንዘብ በረራ ሲቋረጥ ወደ ባንክ ዞሮ በመዝገብ ታየ። የተማረ ሰው መፍለስም አንድ መልክ ብቻ የለውም። አሜሪካ ለነርሶች በሯን በሰፊው ስትከፍት በፊሊፒንስ ወደ ነርስነት ትምህርት የገባው ሰው በጣም ስለበዛ፣ ከወጡት ይልቅ በአገር ውስጥ አዲስ ፈቃድ ያገኙት በለጡ። ይህ የሚሆነው ግን ትምህርት ቤቶቹ በፍጥነት መስፋፋት በሚችሉበት ቦታ ነው፤ የሐኪም ሥልጠና በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ በሚያስመርቅበት አገር ተመሳሳዩን መጠበቅ አይገባም።

«በአየር ንብረት ለውጥ 200 ሚሊዮን ሰው ይሰደዳል» የሚለው እውነት ነው?

ቁጥሩ አለ፤ የሚነገርለት ትርጉም ግን ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ዓለም ባንክ በ2021 ያወጣው ዘገባ በስድስት የዓለም ክፍሎች እስከ 2050 ድረስ እስከ 216 ሚሊዮን ሰዎች ሊፈናቀሉ ይችላሉ ይላል፤ በየራሳቸው አገር ውስጥ። ድንበር ስለመሻገር አልተናገረም። ከዚያም በላይ 216 ሚሊዮን የከፋው ሁኔታ የላይኛው ጫፍ ሲሆን፣ ዘገባው ራሱ ቀደም ያለና የተቀናጀ እርምጃ ቢወሰድ ቁጥሩ እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

ድርቅ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የመሄድን ምክንያት ያበዛል፣ የመሄጃውን ገንዘብ ያጠፋል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ውቅያኖስ አይሻገርም፤ በአቅራቢያው ወዳለ ከተማ ይሄዳል፣ ወይም ባለበት ይቀራል። የባሰ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይህ የቀረው ነው፤ በፍልሰት ሠንጠረዥ ውስጥም አይታይም።

እውነታው ከተተነበየው ክልል ውጭ ከወጣ ትንበያው ከንቱ ነበር ማለት ነው?

የግድ አይደለም። የ80 በመቶ ክልል የሰጠ ተንባይ ከአምስት ዓመት አንዱ ከክልሉ ውጭ እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሯል። ከአሥር ዓመት ውስጥ አሥሩም በክልሉ ውስጥ ከዋሉለት ምናልባት ክልሉን ከሚገባው በላይ አስፍቶታል፤ አምስቱ ከወጡበት ግን የሌለውን እርግጠኝነት ተናግሯል። የአንድ ዓመት ውጤት ስለ ዘዴው ጥራት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ለተለያዩ አገሮችና ዓመታት የተሰጡት ትንበያዎች ተሰብስበው መቆጠር አለባቸው።

ሌላው ችግር ትንበያው ራሱ ነገሩን መለወጡ ነው። ብዙ ሰው ይመጣል የተባለበት መንግሥት ቪዛውን ያጠብቃል፣ ቁጥሩም ይወርዳል፤ ትንበያው የተሳሳተ ይመስላል፣ ግን ሥራውን ሠርቷል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የሕዝብ አስተዳደር ክፍሎች ከቁጥሩ ይልቅ ገደቡን ማወቅ ይመርጣሉ፦ የመጠለያው አልጋ የሚሞላው በየትኛው ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር የመድረስ ዕድሉስ ከአሥር አንድ ነው ወይስ ከሁለት አንድ? ከአሥር አንድ ከሆነ ተጨማሪ አልጋ ማዘጋጀት ያዋጣል ወይ የሚለው የወጪ ሒሳብ ነው፤ ባዶ የሚያድር አልጋ ከሚያስከፍለውና በክረምት ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ከሚያስከፍለው የትኛው ይበልጣል ተብሎ ይሰላል።